ከኋላ የተቀመጠችው ባለንብረት፦ በእንግሊዝ የሞተር ቁልፍ ማቀበል የሚያመጣው ዕዳ

እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ ውስጥ አንዲት የሞተር ሳይክል ባለቤት ቁልፏን ለሌላ ሰው ሰጥታ እሷ ከኋላው ተፈናጠጠች። ሞተሩ የራሷ ነው። መድን ገብታለታለች፤ ጊዜውም አላለፈበትም። ችግሩ የመድን ወረቀቱ ላይ መንዳት ይችላል ተብሎ የሰፈረው ስም አንድ ብቻ መሆኑ ነበር፤ የእሷ። ሰውየው በቸልተኝነት ሲነዳ ከጭነት መኪና ጋር ተላተመ። ከባድ ጉዳት የደረሰባት ከኋላ የተቀመጠችው ባለቤቲቱ ናት።

በኋላ ፍርድ ቤት ያከራከረው ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ሳይሆን ካሣዋን ማን ይክፈላት፣ ከፍሎስ ለማን ይመለስለት የሚለው ነው። ከአደጋው ቀን እስከ መጨረሻው የይግባኝ ውሳኔ ስምንት ዓመት ወስዷል፤ በመሐሉ ሉክሰምበርግ ደርሶ ተመልሷል። ጉዳዩን እዚህ የምናነሣው እንግሊዝ ያሉ ልጆቻችን፣ በተለይ ምግብ በማድረስ ሥራ የተሰማሩት፣ ሞተርን እንደ ጃንጥላ ስለሚዋዋሱት ነው። «እስቲ ቁልፉን ወዲህ በላት፣ ደርሼ ልምጣ» የምትለዋ ነገር እንግሊዝ ውስጥ ምን ያህል እንደምታስከፍል ከዚህ መዝገብ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መውሰድ

መነሻው እ.ኤ.አ. የ1988ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ ነው። አንቀጽ 143 ሁለት ጥፋቶችን ጎን ለጎን አስቀምጧል፤ አንዱ ያለ መድን መንዳት፣ ሁለተኛው ሌላ ሰው ያለ መድን እንዲነዳ ማድረግ ወይም መፍቀድ። ቁልፍ ያቀበለ ሰው ከነጂው እኩል ይከሰሳል ማለት ነው።

አንቀጽ 151 ደግሞ ተጎጂን ለመጠበቅ የተጻፈ ነው። ለዚያ ሞተር መድን የሰጠው ኩባንያ፣ ነጂው ስሙ ፖሊሲው፣ ማለትም የመድን ውሉ፣ ውስጥ ባይኖርም እንኳ፣ በነጂው ላይ የተፈረደውን ካሣ ለተጎጂው መክፈል አለበት። መንገድ ሲሻገር የተገጨ እግረኛ የመድን ወረቀት ላይ ማን እንደተጻፈ የማወቅ ግዴታ የለበትም፤ ስለዚህ ይከፈለዋል። ኩባንያው ግን ከስሮ አይቀርም። ንዑስ አንቀጽ 8 የከፈለውን ገንዘብ ከነጂው፣ ወይም ደግሞ እንዲነዳ ከፈቀደው የፖሊሲ ባለቤት መልሶ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ነጂው ኪሱ ባዶ ከሆነ ኩባንያው የሚመጣው ቤትና ደመወዝ ወዳለው ወደ አዋሹ ነው።

በተለመደው ጉዳይ ተጎጂው ሌላ፣ አዋሹ ሌላ ነው። በዚህኛው ግን ሁለቱም አንድ ሰው ሆኑ፤ እሷው ተጎጂ፣ እሷው ፈቃጅ። ለማሳያ ያህል ፍርድ ቤት 100,000 ፓውንድ ፈረደላት እንበል። በአንቀጽ 151 ኩባንያው 100,000 ይከፍላታል። በንዑስ አንቀጽ 8 ያንኑ 100,000 ትመልስለታለች። ስለዚህ ኩባንያው ለምን እንመላለሳለን፣ ቀድሞውኑ አንከፍልም አለ። የሕጉ ቃል ሲነበብ ኩባንያው አልተሳሳተም፤ የመጀመሪያው ፍርድ ቤትም የተስማማው ከእሱ ጋር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «በገዛ ፈቃዷ ነው ከኋላ የተቀመጠችው» የሚለው መከራከሪያ ኩባንያውን አያድነውም። አንቀጽ 149 ተሳፋሪ አደጋውን አውቆ ተቀብሏል የሚል መከላከያ ግዴታዊ መድን ባለበት ተሽከርካሪ ላይ እንዳይሠራ ዘግቶታል። ሴትዮዋን የጎዳት መቀመጧ ሳይሆን ቁልፉን መስጠቷ ነው።

በ2005 የደረሰ ሌላ የመኪና አደጋ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ መጣ። እዚያ መድን ያለው ወጣት መሪውን የለቀቀው መድን እንደሌለው ለሚያውቀው ጓደኛው ነበር፤ እሱም ተሳፋሪ ሆኖ ተጎዳ። ያንን የያዘው ዳኛ ለወጣቱ ፈረደ። ያው አንቀጽ፣ ያው ጥያቄ፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2010 ሁለቱን አንድ ላይ አይቶ፣ የአውሮፓ የመድን መመሪያዎች ምን እንደሚሉ እንዲነገረው ወደ ሉክሰምበርጉ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ላከው። የመዝገብ ቁጥሩ ሲ-442/10 ነው።

መልሱ ዲሴምበር 1 ቀን 2011 መጣ። ተሳፋሪ የሆነ ተጎጂ፣ መድን የሌለው ሰው እንዲነዳ ስለፈቀደ ብቻ፣ ካሣውን በቀጥታ እንዲያጣ የሚያደርግ የአገር ሕግ ከመመሪያዎቹ ጋር አይሄድም። ፈቃጁ ነጂው መድን እንደሌለው ማወቁ፣ አለው ብሎ ማመኑ ወይም ጨርሶ አለማሰቡ ይህን መልስ አይለውጠውም። አገሪቱ ግን እያንዳንዱን ጉዳይ በተናጠል ስትመዝን እነዚህን ነገሮች ከግምት ማስገባት ትችላለች።

በ2012 የእንግሊዙ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ንዑስ አንቀጽ 8 ጭራው ላይ አንድ ሐረግ እንደተጨመረበት ተደርጎ እንዲነበብ ወሰነ። የካሣው ተጠቃሚ ራሱ የፖሊሲው ባለቤት ከሆነ፣ ኩባንያው መልሶ የሚወስደው ገንዘብ ከጉዳዩ ሁኔታ ጋር ተመጣጣኝ መሆን አለበት። ይህ ግን ምንም አይወሰድም ማለት አይደለም። እያወቀ የሰጠ ብዙ ሊቀነስበት፣ በቅንነት ተሳስቶ የሰጠ ጥቂት ወይም ምንም ላይቀነስበት ይችላል። ሳይጠይቅ የሰጠ መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አብዛኞቻችን ደግሞ እዚያ ነን።

በዚያች ሐረግ ላይ ተደላድሎ መቀመጥ አይመከርም። ብሪታንያ ከኅብረቱ ወጥታለች። በ2022 በወጣ ሕግ የአውሮፓው ፍርድ ቤት ለመድን መመሪያዎቹ የሰጠውን ትርጉም በከፊል አስወግዳለች፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮም የአውሮፓ ሕግ በአገር ውስጥ ሕግ ላይ የነበረው የበላይነት ቀርቷል። ቁልፍ የሚያቀብል ሰው ንዑስ አንቀጽ 8ን ያለ ጭራው፣ እንደተጻፈው አድርጎ ቢያስበው ይሻለዋል። ደግሞም ያ ሐረግ የሚጠቅመው ራሱ ለተጎዳ ባለቤት ነው። የተጎዳው እግረኛ ከሆነ ፈቃጁ ሙሉውን ይጠየቃል። በእንግሊዝ ሕግ ለአካል ጉዳትና ለሞት የሚከፈለው ካሣ ጣሪያ የለውም፤ የ1.2 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰን ያለው ለንብረት ጉዳት ብቻ ነው።

ወረቀቷ ላይ ያሉት ስድስት መስመሮች

ስህተቱ ከየት ይመጣል? ከአገር ቤት ልማድ ይመስለናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሶስተኛ ወገን ሲባል ሰው ዓይኑ የሚሄደው መስታወት ላይ ወደተለጠፈችው ወረቀት ነው፤ መድኑ የተሽከርካሪው ንብረት ተደርጎ ይታሰባል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤትን፣ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ሁሉም ነገር ከተሽከርካሪው ጋር የታሰረ ነው። በእንግሊዝ መድን የሚታሰረው ከሰው ጋር ነው፤ ይህ ሰው፣ በዚህ ሞተር፣ ለዚህ ሥራ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ነጂው መድን የለውም፤ «ሞተሩ መድን አለው» ማለት ለፖሊስ መልስ አይሆንም።

የመድን ምስክር ወረቀቱን ከፍተው ቢያዩት ስድስት ነገር ይዟል፤ የታርጋ ቁጥር፣ የፖሊሲው ባለቤት ስም፣ የሚጀምርበት ቀንና ሰዓት፣ የሚያበቃበት ቀን፣ መንዳት የተፈቀደላቸው ሰዎች፣ የአጠቃቀም ገደብ። ሰው ቀኑን አይቶ ያጥፈዋል። መነበብ ያለባቸው ግን አምስተኛውና ስድስተኛው ናቸው። አምስተኛው ላይ የእርስዎ ስም ብቻ ካለ፣ ሚስትም ወንድምም ያንን ሞተር መንዳት አይችሉም። መኪና ላይ አንዳንዴ የሚገኘው «ፖሊሲው ያለው ሰው የሌላ ሰው መኪና መንዳት ይችላል» የሚለው ተጨማሪ መብት የሞተር ፖሊሲ ላይ ብዙ ጊዜ የለም።

ስድስተኛው መስመር የምግብ አድራሾች ወጥመድ ነው። «ለማኅበራዊ፣ ለቤተሰብና ለመዝናኛ» ከተባለ ሥራ ቦታ ደርሶ መመለስን እንኳ አይጨምርም፤ እሱ «ኮሚዩቲንግ» ተብሎ ለብቻው ይጻፋል። ቢሮ ለቢሮ ለመዞር የሚሆነው የቢዝነስ መድንም ፒዛ ለማድረስ አይበቃም። በክፍያ ዕቃ ወይም ምግብ ለማድረስ «ሃየር ኤንድ ሪዋርድ» የሚባለው ዓይነት መኖር አለበት፤ ዋጋውም ከመዝናኛው በጣም ይወደዳል። ፖሊስ ከኋላ የታሰረችውን የምግብ ሳጥን ሲያይ የመጀመሪያ ጥያቄው ይኸው ነው። ሳጥኑ ውስጥ ትኩስ ምግብ ይዞ «ለሽርሽር ወጥቼ ነው» ማለት አያዋጣም።

የመድኑን ዋጋ ለማርከስ ሲባል ዕድሜው የገፋ ዘመድ ዋና ነጂ ተብሎ ተመዝግቦ፣ እውነተኛው ነጂ ልጁ ሲሆንም እናያለን። ይህ «ፍሮንቲንግ» ይባላል። ሆን ተብሎ እንደተዋሸ ከታወቀ ኩባንያው በ2012ቱ የሸማቾች መድን ሕግ ውሉን ከመሠረቱ ሊያፈርሰውና የተከፈለውን ዓረቦን ሊያስቀር ይችላል። ሞተሩ የሚያድርበትን አድራሻ ማሳሳትና የተቀየረ ማፍለርን መደበቅም ያው መንገድ ነው።

ማዋስ የግድ ከሆነ

የተዋሹን ስም በፖሊሲው ላይ ማስጨመር ወይም ተዋሹ ራሱ የአጭር ጊዜ መድን እንዲገዛ ማድረግ ነው ትክክለኛው መንገድ። ከዚያ በፊት መንጃ ፈቃዱ መታየት አለበት፤ ካርዱ ብቻ ግን አይበቃም፤ የታገደ ሰውም ካርዱ ኪሱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ተዋሹ የመንጃ ፈቃድና የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ፣ ማለትም የዲቪኤልኤ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ማረጋገጫ ኮድ ያውጣና ይላክልዎ፤ ለ21 ቀን ይሠራል፣ የቅጣት ነጥቡንና የተፈቀዱለትን ምድቦች ያሳያል።

«መድን አለኝ ብሎኛል» ከክስ አያድንም። መፍቀድ የሚለው ጥፋት የፈቃጁን እምነት አይመለከትም፤ በቅንነት መሳሳት መከላከያ አይደለም። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ግን እ.ኤ.አ. በ1974 አንድ ቀዳዳ ትተዋል፤ ፈቃዱ በቅድመ ሁኔታ የተሰጠ ከሆነና ቅድመ ሁኔታው ካልተሟላ፣ ፈቃድ አልተሰጠም ማለት ነው። በ1992 ደግሞ ቀዳዳዋን አጠበቧት፤ ቅድመ ሁኔታው በቀጥታ ለነጂው ራሱ የተነገረ መሆን አለበት፣ በሦስተኛ ሰው በኩል የደረሰ መልእክት አይበቃም። ስለዚህ ቁልፉ ከእጅ ሳይወጣ ለራሱ ለተዋሹ እንዲህ ብሎ መጻፍ ነው፤ «በስምህ መድን አስገብተህ ወረቀቱን ካልላክልኝ ሞተሩን እንድትነዳ አልፈቀድኩልህም»። ይሉኝታ የሚያስይዝ መልእክት ነው፤ ቢሆንም ይላክ።

መንጃ ፈቃዱ ራሱ መድኑን ሊያፈርሰው ይችላል። ፖሊሲው በለማጅነት የተገዛ ከሆነ የለማጅነት ገደቦቹን ይከተላል። 17 ዓመት የሞላው ሰው በለማጅ መንጃ ፈቃድና ሲቢቲ በሚባለው የአንድ ቀን መሠረታዊ ሥልጠና እስከ 125 ሲሲና 11 ኪሎዋት ድረስ መንዳት ይችላል። የኤል ምልክት ይለጥፋል፣ ሞተርዌይ አይገባም፣ ሰው ከኋላ አይጭንም። የሲቢቲው ወረቀት ሁለት ዓመት ይቆያል፤ ሳይፈተን ካለፈው ሥልጠናውን ይደግማል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የጽሑፍ ፈተና 23 ፓውንድ፣ ከመንዳት ፈተናው ሁለት ክፍሎች ደግሞ ሞጁል አንድ 15.50፣ ሞጁል ሁለት በሥራ ቀን 75 ፓውንድ ነው። 19 ዓመት ሲሞላ እስከ 35 ኪሎዋት የሚያስነዳው ኤ2 ምድብ ይገኛል፤ ገደብ የሌለው ኤ በ24 ዓመት፣ ወይም ኤ2ን ሁለት ዓመት ለያዘ ሰው በ21።

የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው፣ ምድቡ ፈቃዱ ላይ ካለ፣ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር ሞተር መንዳት ይችላል። ከዚያ በኋላ ፈቃዱ አይሠራም። ኢትዮጵያ ፈቃዳቸው ያለ ፈተና ከሚቀየርላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ ከለማጅነት ይጀመራል። ብዙ ሰው አሥራ ሁለቱን ወር የሚቆጥረው ከመጨረሻው ጉዞው ነው። አገር ቤት ደርሶ መመለስ ቆጠራውን እንደ አዲስ አያስጀምረውም።

ምዝገባው ቀላል ነው፣ ግን አንድ ቦታ ያዳልጣል። ቪ5ሲ የሚባለው ወረቀት የሀበሻ ሊብሬ ቢመስልም የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም፤ ራሱ ላይ ተጽፏል። የሚያሳየው የተመዘገበውን ያዥ ነው። ስለዚህ ሲገዙ የክፍያ ደረሰኙን ይያዙ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ከሞተሩ አንገት ላይ ከተቀረጸው ጋር ያመሳክሩ። ሻጩ ለውጡን በኢንተርኔት ያሳውቃል፤ ገዢው የቪ5ሲውን አረንጓዴ ቁራጭ ይዞ በላይዋ ባለው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር የተሽከርካሪ ግብር ይከፍላል። ከኦክቶበር 2014 ወዲህ የሻጩ ግብር ለገዢው አይተላለፍም፤ «ግብሩ እስከ መጋቢት ተከፍሏል» ብሎ የሸጠልዎት ሰው ምንም አልሸጠልዎትም። ሦስት ዓመት የሞላው ሞተር በየዓመቱ ኤም ኦ ቲ ምርመራ ያልፋል፤ እንደኛ ቦሎ መሆኑ ነው፣ ግን የሚለጠፍ ነገር የለውም፤ የሞተር ዋጋው ከ29.65 ፓውንድ አይበልጥም። ሞተሩ ቆሞም ቢሆን መድን ይፈለግበታል። ካልተፈለገ ከመንገድ ውጪ መሆኑን ማስመዝገብ ግድ ነው፤ አለበለዚያ 100 ፓውንድ ቅጣት በፖስታ ይመጣል።

መንገድ ላይ ሲያዝ

የፖሊስ ካሜራ ታርጋውን አንብቦ ከመድን መረጃ ቋት ጋር ያነጻጽራል። ቋቱ መድን አለ ቢልም ፖሊሱ ነጂው ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ የተዋሰ ሰው የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ለነጂው በቦታው የሚሰጠው ቅጣት 300 ፓውንድና 6 ነጥብ ነው። ፍርድ ቤት ከሄደ ገንዘቡ ወሰን የለውም፣ ነጥቡ ከ6 እስከ 8 ነው፣ እገዳም ሊከተል ይችላል። የነጂው መዝገብ ላይ አይኤን10፣ የአዋሹ ላይ ደግሞ አይኤን14 የሚል ኮድ ይሰፍራል፤ ለአራት ዓመት ይቆያል፤ መድን ኩባንያዎችም ዋጋ ሲተምኑ ያዩታል። ከመጀመሪያው መንጃ ፈቃዱ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው 6 ነጥብ ሲደርስ ፈቃዱ በሙሉ ይሰረዛል። መኪናም ሞተርም የሚነዳ ከሆነ ሁለቱንም ያጣል፤ ከለማጅነትም ይጀምራል።

ሞተሩ ደግሞ በአንቀጽ 165ኤ በፖሊስ ይያዛል። ማስጎተቻው 192 ፓውንድ፣ ማቆያው ለሁለት ጎማ በቀን 13 ፓውንድ ነው። አሥር ቀን የተከፈለበት ሞተር 322 ፓውንድ ይጠይቃል፤ አሮጌ 125 ከሆነ ዋጋውን እየተጠጋው ነው። ለማስለቀቅ መንጃ ፈቃድ፣ ቪ5ሲና በሚወስደው ሰው ስም የተጻፈ መድን ይቀርባል። እዚህ ብዙዎች ያልጠበቁት ነገር ይገጥማቸዋል፤ በችኮላ በስልክ የሚገዛው የአንድ ቀን መድን አብዛኛውን ጊዜ በፖሊስ የተያዘ ተሽከርካሪን አይሸፍንም፣ በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል። የማቆያው ግቢ በር ላይ ያለው ሠራተኛ ወረቀቱን አንብቦ ይመልሰዋል። «ኢምፓውንድ» የሚል ቃል በግልጽ የተጻፈበት መድን፣ ብዙ ጊዜ ቢያንስ የ30 ቀን፣ እስኪገኝ ማቆያው ይቆጥራል፤ ሞተሩ ከተያዘ 14 ቀን ካለፈው ደግሞ ፖሊስ ሊሸጠው ወይም ሊያስጨፈልቀው ይችላል።